ክር ይተረተራል፣ ሊጥ አይተረተርም

(የዳቦና የኪሮሽ ጀማሪዎች በተገኙበት የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)

በዚህ የነሐሴ ዝናብ ስለ ዳቦና ስለ ክር ለመስማት ጃንጥላ ይዞ የሚወጣ ሰው ይኖራል ብዬ አልገመትኩም ነበር። ወንበር ማነሱን ሳይ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

ከመጀመሬ በፊት ይህችን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጥ። ውስጧ ያለው እንቁላል የሚያክል ሊጥ ነው፤ ከቤት ልወጣ ስል ያቦካሁት። ሊጡ ባለበት ከፍታ ላይ ብርጭቆዋን በቀይ ክር አስሬያታለሁ። ከሥሯ ለክቼ እጥፍ በሚሆንበት ቦታ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ክር አለ። ስናወራ በዓይናችሁ እየጠበቃችሁልኝ ቆዩ።

አሁን ሁለት የኀፍረት ታሪኮቼን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ይኸውላችሁ፣ በኪሮሽ የሠራሁት የመጀመሪያ ስካርፍ ነው። ከዚህ ጫፍ ሲለካ ሁለት ስንዝር ይሞላል፤ በዚያኛው ጫፍ ግን አንድ ስንዝር ከትንሽ ነው። ሥራውን በ30 ቀለበት ጀምሬ በ19 ጨረስኩት። አሥራ አንዱ የት እንደሄደ ስጨርስም አላውቅም ነበር። ባለቤቴ አገላብጦ አየና «ለማን አንገት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለተኛው የቡሄ ሙልሙል ነው። አዲስ ትዳር፣ አዲስ ጎጆ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያየኝ ጊዜ ነበር። ነሐሴ 13 ማለዳ ልጆቹ ጅራፋቸውን እያጮሁ ሆያ ሆዬ ሲሉ ደጄ ደረሱ፤ እኔም ሙልሙሌን በሰፌድ ይዤ ወጣሁ። ቁመቱ ከጅራፉ የማይበልጥ አንድ ልጅ ድርሻውን ተቀበለና የቆርቆሮውን በር መታ መታ አደረገበት። ቋ፣ ቋ! «እትዬ፣ ይሄ ዳቦ ነው?» አለኝ። ጎረቤታችን የነበሩ እናት ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ውሃውን ምን ያህል አሞቅሽው?»

«አፈላሁት፣ እማማ። ቶሎ ኩፍ እንዲልልኝ ብዬ።»

«እንግዲያው እርሾውን ቀቀልሽዋ! የሞተ ነገር ምኑ ኩፍ ይላል?»

ስካርፉን ተርትሬ እንደገና መሥራት እችል ነበር። ክሩ አልሞተም፤ ይኸው ዛሬም ጫፉን ብስበው ተፈትቶ ልቃቂት ይሆናል። ሙልሙሉን ግን ማን ይተረትረዋል? ዱቄቱ ወደ ጆንያ፣ ጨውም ወደ ጨው ዕቃው አይመለስም። ለጀማሪ የምነግረው ዋናው ነገር ይኸው ነው። እስካሁን ያስተማርኳቸው ጀማሪዎች ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ይህን የምንገለብጥ ሰዎች ነን። ክሩ ሲበላሽ መተርተር እንፈራለን፤ «ይሁን፣ አይታይም» ብለን እንቀጥላለን። ሊጡ ሲበላሽ ደግሞ የሚተረተር ይመስለናል፤ ዱቄት እንነሰንሳለን፣ ውሃ እንጨምራለን፣ እንደገና ዱቄት። አንድ ኪሎ ሊሆን የታሰበው ዳቦ ሁለት ኪሎ ተኩል ደንጋይ ሆኖ ይወጣል።

ከሊጡ እንጀምር። የማይታረም ሥራ ጥንቃቄው ሁሉ መጀመሪያው ላይ ነው ያለው።

መጀመሪያ ሚዛን ግዙ። እናቶቻችን በዓይናቸው ይለኩ ነበር፤ ግን ያ ዓይን ሠላሳ ዓመት የሠራ ዓይን ነው፣ የእኛ ገና ትናንት የተከፈተ ነው። ብርጭቆም አትመኑ፤ በአንድ ብርጭቆ ዱቄት ጠቅጥቆ በመሙላትና ነስንሶ በመሙላት መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ለመጀመሪያ ዳቧችሁ 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 320 ግራም ውሃ፣ 9 ግራም ጨው፣ 4 ግራም ደረቅ እርሾ መዝኑ። ጨዉ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ እርሾው አንድ የሻይ ማንኪያ ሞላ ብላ ማለት ነው። ሁለት ማንኪያ ዘይትና ቆንጠር ጥቁር አዝሙድ ከወደዳችሁ ጨምሩ። ከዚህ ሌላ ስኳሩ፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ ለሌላ ቀን ይቆይ።

በነገራችን ላይ «ፉርኖ» የምንለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ የዳቦ ምድጃ ነው። እኛ ምድጃውን ትተን ስሙን ለዱቄቱና ለዳቦው ሰጠነው።

ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ጎረቤቴ ያሉት እውነት ነው፤ እርሾ ነፍስ ያለው ነገር ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች መብላላት የሕያዋን ጥቃቅን ፍጥረታት ሥራ መሆኑን አሳይቷል። እኚያ እናት ግን ፓስተርን ሳይሰሙ «ሞተ» የሚለውን ቃል በቦታው አዋሉት። በፓኬት የምንገዛው ደረቅ እርሾ ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ የፈንገስ ዘር ነው። በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳር ይበላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል፤ ዳቦውን የሚነፋው ያ ትንፋሽ ነው። ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ባለ ውሃ ደስ ብሎት ይሠራል። 55ን ሲያልፍ መሞት ይጀምራል፤ የፈላ ውሃ ምን እንደሚያደርገው የቆርቆሮ በሬ መስክሯል። ቴርሞሜትር የሌላችሁ የሕፃን ወተት እንደምትሞክሩት በእጃችሁ አንጓ ሞክሩት። ሙቀትም ብርድም ካልተሰማችሁ ልክ ነው።

አሁን ስታቦኩ ሊጡ እጃችሁ ላይ ይጣበቃል። እዚህ ጋ ነው ሁሉም ሰው የሚሳሳተው። እጃችሁ ወደ ዱቄቱ ከረጢት ይሄዳል፤ አትንኩት! ሊጡን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ 20 ደቂቃ ተውት። ስትመለሱ ማንም ሳይነካው ሌላ ሊጥ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ለስልሶ፣ ተወጥሮ፣ እጅ የሚለቅ። ዱቄት ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። በስንዴ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ውሃ ሲያገኙ ግሉተን የሚባለውን የሚሳሳብ መረብ ይሠራሉ፤ የእርሾው ትንፋሽ የሚታሰረው በዚያ መረብ ውስጥ ነው። ጤፍ ይህ መረብ የለውም፤ ለዚህ ነው የእንጀራው ትንፋሽ ምጣድ ላይ ዐይን ሆኖ ፈንድቶ የሚወጣው። ከዕረፍቱ በኋላ ስምንት ወይም አሥር ደቂቃ እሹት። ትንሽ ቆርሳችሁ በጣታችሁ ስትወጥሩት ሳይቀደድ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ከሆነ በቅቶታል።

ቀጥሎ የምነግራችሁን ግን ከውጭ አገር በመጣ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ፈልጋችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ። አብዛኞቹ መጻሕፍትና የዩቲዩብ ቪዲዮዎች የሚዘጋጁት ከባሕር ብዙም ከፍ በማይል አገር ነው። እኛ ያለነው አዲስ አበባ፣ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ሊጡን ከላይ የሚጫነው ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያው እርሾ፣ ያው ትንፋሽ፣ እዚህ ሊጡን በበለጠ ይነፋዋል። መጽሐፉ «ሁለት ሰዓት» ካለና ክፍላችሁ ሞቃት ከሆነ፣ በሁለት ሰዓቱ ሊጡ አልፎበት ወድቆ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ለዚህ ነው መጽሐፎቹ 5 ግራም የሚሉትን እርሾ እኔ 4 ያደረግኩት። ክፍሉ ከቀዘቀዘ ደግሞ፣ እንደ ዛሬ፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ብርዱ እርሾውን ያስተኛዋል። ስለዚህ ሰዓቱን ተዉት፤ ብርጭቆዋን እዩ። አረንጓዴው ክር ለዚህ ነው የታሰረው።

ኬክ የሚጋግሩ እህቶች ይህን ከኔ በላይ ያውቁታል። መሐሉ እንደ ሳህን ሰምጦ የሚወጣው ኬክ ብዙ ጊዜ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ቤኪንግ ፓውደሩ ለባሕር ዳርቻ የተለካ ነው፤ ኬኩ ሳይረጋ ከሚገባው በላይ ይነፋና ይወድቃል። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ እስከ ሲሶ ቀንሱ፣ ስኳሩን ትንሽ ቀንሱ፣ ፈሳሹን በሁለት ማንኪያ ጨምሩ፣ የምድጃውን ሙቀት በ10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጉ።

አንድ ጨዋ ሰው ባለፈው ዓመት ከውጭ የተላከለትን የዳቦ ቴርሞሜትር ይዞ መጥቶ ነበር። «መጽሐፉ የዳቦው ውስጥ 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጣው ይላል፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቅሁ፣ አልደርስ አለኝ፣ ዳቦው ከሰለ» አለኝ። አይደርስለትም! አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እርጥበት ያለው የዳቦ ውስጥ ውሃው ከሚፈላበት ብዙም አልፎ አይሄድም። ያ ሰው ዳቦውን ያቃጠለው መጽሐፉን በማክበር ነው። እናንተ 500 ግራሙን ዱቄት በ200 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ጋግሩ፤ አውጡና ሆዱን በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጉት። እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ከሰጠ በስሏል።

ኦቭን የለኝም የሚል ካለ፣ ድፎ የተጋገረው መቼ በኦቭን ሆነና! ምጣድ፣ ከሥር ኮባ፣ ከላይ ኮባ፣ ክዳኑ ላይ ፍም። ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት። ኮባው ሊጡን ከመቃጠል ይጠብቀዋል፣ እርጥበቱን ይይዝለታል፣ ሽታውንም ይሰጠዋል። ሜሪላንድ ያለች የእህቴ ልጅ ኮባ ብታጣ ከእስያውያን ሱቅ በረዶ የሆነ የሙዝ ቅጠል ገዝታ ትጠቀማለች፤ ከፎይል ይሻላል ትላለች። ሽታው ግን ያው አይደለም ብላ ስልክ ላይ ስታዝን ሰምቻታለሁ።

እርሾ ጭራሽ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ በዳቦ ቆሎ ጀምሩ። ዱቄት፣ በርበሬ፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ ዘይት፣ ውሃ። ጠንከር አድርጋችሁ አቡኩት፣ በመዳፋችሁ እያንከባለላችሁ እርሳስ የሚያክል ገመድ አድርጉት፣ በቢላ ሽንብራ ሽንብራ እያደረጋችሁ ቁረጡት፣ ምጣድ ላይ በዝግታ እያመሳችሁ አብስሉት። ኩፍ የሚል ነገር ስለሌለ የሚወድቅም የለም። አንዱ ቢያር ሌላው ይተርፋል።

እንግዲህ ሊጡ ኩፍ እስኪል እጃችን ባዶውን ነው። አያቶቻችን ይህን ጊዜ በእንዝርት ይሞሉት ነበር፤ ወሬው በአፍ፣ ባዘቶው በእጅ። እኔ ኪሮሽ አነሣለሁ። ዳቦና ክርን በአንድ ንግግር ያገናኘሁበት ምክንያት ከዚህ የጠለቀ አይደለም።

ኪሮሽና ዳንቴል ሁለቱም ከፈረንሳይኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ አንደኛው «ትንሽ መንጠቆ»፣ ሁለተኛው «ትንሽ ጥርስ» ማለት ነው። የዳንቴሉን ጠርዝ ያየ ሰው ጥርሱን አይቶታል። ዳንቴል በኛ ቤት ራዲዮ አልብሷል፣ የሶፋ ራስ አልብሷል፣ ቴሌቪዥን አልብሷል። ኋላ ቴሌቪዥኑ ቀጠነና ዳንቴሉ ማረፊያ አጣ። አንዳንዶች «የድሮ ሰው ጌጥ» ይሉታል። ይበሉ። ሹራብ በማሽን ይሠራል፤ የኪሮሽ ሥራ ግን ዛሬም በሰው እጅ ነው የሚሠራው። ሱቅ ውስጥ ርካሽ ሆኖ ተንጠልጥሎ ብታዩት፣ አንድ ሰው አንድ በአንድ ጠልፎታል።

ለጀማሪ የዳንቴል ቀጭን ክርና እንደ መርፌ የቀጠነች ኪሮሽ አትግዙ፤ ዓይናችሁን ታጠፋላችሁ። 5 ሚሊሜትር ኪሮሽና መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር ግዙ። ቀለሙ ፈካ ያለ ይሁን፤ በጥቁር ክር ላይ የተማርኩ ጊዜ ቀለበቶቼን በጣት ዳሰሳ ነበር የምፈልጋቸው። ፀጉራም ክርም ይቅርባችሁ፤ ሲተረተር ይተበተባል። መተርተራችሁ ደግሞ አይቀርም። ክሩን ለሥራው የሚበቃውን ያህል በአንድ ጊዜ ግዙ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የምትገዙት «ያው ቀለም» ፀሐይ ላይ ያው አይሆንም።

አሁን ወደዚያ ወደ ጠበበው ስካርፍ። አሥራ አንዱ ቀለበት የት ሄደ? በየረድፉ መጨረሻ ላይ ያለው ቀለበት ጥግ ይይዝና ይደበቃል፤ የመጨረሻ አይመስልም። ጀማሪ እሱን ዘልሎ ሥራውን ያዞራል። ሌላ ረድፍ፣ ሌላ ቀለበት ጠፋ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ረድፍ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀለበት ላይ ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር አንጠልጥሉ። ቁራጩ ክር ያለበት ቀለበት ካልተሠራ ረድፉ አላለቀም። ደግሞ ቁጠሩ። 30 ብላችሁ ጀምራችሁ 29 ካገኛችሁ ኪሮሹን አውጡና ክሩን ሳቡት፤ ትርርርር! የመጀመሪያው ጊዜ ልብ ይሰብራል። በሦስተኛው ጊዜ ድምፁን መውደድ ትጀምራላችሁ። ሁለት ረድፍ መተርተር አምስት ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን አምስት ደቂቃ ቆጥቤ ስካርፍ አጣሁ።

ጠርዙ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሚሆንባችሁ ካላችሁ ክሩን እያነቃችሁት ነው። መጀመሪያ የምትሠሩትን ሰንሰለት አንድ ቁጥር በሚበልጥ ኪሮሽ ሥሩት። በቪዲዮ የምትማሩ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አሜሪካውያንና እንግሊዞች ያንኑ አሠራር የሚጠሩበት ስም አንድ ደረጃ የተዛነፈ ነው። አሜሪካዊቷ «ነጠላ» የምትለውን እንግሊዟ «ድርብ» ትለዋለች። መምህርቷ የየት አገር ሰው እንደሆነች ሳታውቁ ከጀመራችሁ የሕፃን ኮፍያው ለአባቱ ይሆናል።

ስለ ኮፍያ ካነሣሁ፣ ከሁሉ የምወደው ነገር ክቡ ነው። የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ልትሠሩ ፈለጋችሁ እንበል። መሐል ላይ 6 ቀለበት ትሠራላችሁ። በሁለተኛው ዙር 12፣ በሦስተኛው 18፣ በአራተኛው 24። ሁልጊዜ 6 ትጨምራላችሁ። ለምን 6? አሜሪካዊቷ «ነጠላ» በምትለው አጭር አሠራር የቀለበቱ ቁመትና ስፋት እኩል ሊባል ይቃረባል። እያንዳንዱ ዙር ክቡን ከመሐሉ በአንድ ቀለበት ቁመት ያርቀዋል። ክብ ከመሐሉ በአንድ ሲርቅ ዙሪያው በ6.28 ያድጋል፤ ትምህርት ቤት ፓይ ብለን የሸመደድነው 3.14 በሁለት ሲባዛ ማለት ነው። 6 ለዚያ በቂ ቅርብ ነው። ረጅም አሠራር ከያዛችሁ ደግሞ 12።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሰፌድ የሰፋች ሴት ካለች ፈገግ ብላለች። ወስፌና ስንደዶ ይዛ ይህን ታደርገዋለች፤ ዙሩን ካነቀችው ሰፌዱ እየጎበጠ ሌማት ይሆንባታል። በክርም ያው ነው። ከ6 ካሳነሳችሁ ክቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ እሱ ኮፍያ ነው፣ ሳታስቡት የተገኘ። ከ6 ብዙ ካበዛችሁ ደግሞ ጠርዙ ይጨማደዳል፣ እንደ ጥቅል ጎመን ቅጠል ይርገበገባል። ያም ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበረችው የላትቪያ ተወላጅ ሒሳብ ተመራማሪ ዳይና ታይሚና ተማሪዎቿ በእጃቸው የሚዳስሱት የሃይፐርቦሊክ ገጽ ሞዴል ፈለገች። ያ ገጽ ከመሐሉ በራቀ ቁጥር ዙሪያው ከክብ አብልጦ የሚያድግ ነው። ከወረቀት የሚሠራው ሞዴል ይቀደድ ነበር። እሷ ኪሮሽ አነሣችና በየተወሰነው ቀለበት አንድ እየጨመረች ሠራችው። የሒሳብ ሊቃውንት ለዘመናት በወረቀት ላይ ሲጨነቁበት የኖሩት ነገር የተጨማደደ ዳንቴል ሆኖ እጃቸው ላይ ተቀመጠ። ስለዚህ ማስቀመጫችሁ ቢጨማደድ ለማንም «ጂኦሜትሪ ነው» በሉ፤ ከዚያ ማንም ሳያያችሁ ሁለት ዙር ተርትሩና ቀለበታችሁን ቁጠሩ።

ያለቀ ሥራ ስለ መተኮስ አንድ ቃል ብቻ፤ አክሪሊክ ክር ላይ ትኩስ ካውያ አታሳርፉ፣ ይቀልጣል።

የቀረኝ ብርጭቆዋ ናት። እህቴ፣ ከፊት ያለሽው፣ እስቲ አንሽያትና ለሁሉም አሳዪ። የት ደርሷል? ከቀዩ ክር ሁለት ጣት ከፍ ብሏል፤ አረንጓዴው ጋ አልደረሰም። ይህ አዳራሽ ቀዝቃዛ ነው፣ ሊጡ ሰዓቴን አላየም። እንግዲያው ከአምፖሉ አጠገብ አስቀምጪያት። እስኪደርስ ጥያቄ እንቀበላለን፤ ኪሮሽ ያልደረሳችሁ ደግሞ እጃችሁን አንሡ፣ ከቅርጫቱ እየታደለ ነው።